ከዐሥር ዘጠኝ ያገኘው ፊልም



የታላቅ እህቴ ልጅ አንድ ደብተር አለው። የትምህርት ደብተር አይደለም። ያየውን ፊልም፣ ያነበበውን መጽሐፍ፣ የሰማውን ዘፈንና ነሺዳ ሁሉ በተርታ እየጻፈ ከዐሥር ማርክ የሚሰጥበት ነው። ዕድሜው ሃያ አንድ ሲሆን የዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ከማርኩ ጎን አንዳንዴ አንድ መስመር፣ አንዳንዴም አንድ ቃል ብቻ ያሰፍራል። «ይመቻል»፣ «ደባሪ»፣ «መጨረሻው ተበላሽቷል»፣ «ሁለቴ አየሁት»። የእህቴ ልጆች ብቻ ሳይሆኑ የጎረቤት ልጆችም ምን እንይ ሲሉ የሚጠይቁት እሱን ነው። እሱ ሰባት ያልሰጠው ነገር በዚያ ቤት አይከፈትም። የሰፈሩ ሙፍቲ ሆኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እኔም በዚህ ደብተር ለብዙ ጊዜ ስስቅበት ኖሬያለሁ። መምህር ነኝና ማርክ መስጠት ምን ያህል እንደሚያስደስት አውቃለሁ። ሳቁ ያበቃው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ መድረሳ ውስጥ ለትናንሽ ልጆች የዐቂዳ ትምህርት እሰጣለሁ። የዚያን ዕለት ርዕሳችን የቂያማ ምልክቶች ነበር። «ስለ መህዲ የሰማ ማነው?» ብዬ ስጠይቅ ከሁሉ ቀድማ እጇን ያወጣችው የዚሁ ልጅ ታናሽ እህት ነበረች። ዐሥር ዓመቷ ነው። «መህዲ የበረሃው ልጅ ነው፣ ትልቁ ትል ላይ የሚወጣው። ግን የእውነት አይደለም ኡስታዝ፣ ሴትዮዎቹ ናቸው ሰዎቹን ለማታለል ያስወሩት» አለች። ከኋላ የተቀመጡት አራት አምስት ልጆችም «አዎ፣ አዎ» እያሉ አገዟት። እነሱም አይተውታል ማለት ነው።

ልጅቷን አልተቆጣኋትም። ያየችውን ነው የተናገረችው። ነገር ግን አንድ ሕፃን የሃይማኖቱን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ከማን ነው የሚለው ነገር ቀላል አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚመጣ መምህር የሚጽፈው በታጠበ ሎሕ ላይ ሳይሆን በተጻፈበት ላይ ነው። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰብ የሚወጣና ምድርን በፍትሕ የሚሞላ ሰው ብዬ የማስተምረው መህዲ፣ ለእሷ አስቀድሞ የታወቀ ማታለያ ሆኖ ጠበቀኝ።

ከመግሪብ በኋላ በቀጥታ እህቴ ቤት ሄድኩ። ገና በሩ ላይ ሆኜ ነው መናገር የጀመርኩት። ፊልሙ ሐራም እንደሆነ፣ የልጆችን ኢማን እንደሚያበላሽ፣ ሠሪዎቹ አውቀው እንዳደረጉት፣ ሁሉንም አወረድኩት። እትዬ ጀበናውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ልጁ እስክጨርስ ጠብቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ አይተውታል?» አለኝ።

አላየሁትም ነበር። ስሙን እንኳ በትክክል አላውቀውም።

ያ ጥያቄ የዚያን ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። የተማርኩት ትምህርት እንዲህ አድርግ አይልምና። የሐዲስ ሊቃውንት ዘጋቢዎችን ሲመዝኑ ማርክ የሚመስል ነገር ነበራቸው። አንዱን «ሲቃ»፣ አንዱን «ሰዱቅ»፣ አንዱን «ደዒፍ»፣ አንዱን «መትሩክ» ይላሉ። በዚህ በኩል የእህቴ ልጅ ደብተር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ከማርኩ በስተጀርባ ያለው ድካም ነው። ሰውየው የት ኖረ፣ ከማን ሰማ፣ መቼ ሸመገለ፣ ማስታወሱ መቼ ደከመ ብለው ይመረምራሉ። በተለይ ጥሩ ስም ያለውን ሰው ደካማ ነው የሚል ሁሉ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ይጠየቃል። ጃቢር ኢብኑ ዐብዱላህ (ረ.ዐ) ለአንዲት ሐዲስ የአንድ ወር መንገድ እንደሄዱ ተዘግቧል። እኔ ግን ከመድረሳው እስከ እህቴ ቤት ያለችውን የሩብ ሰዓት መንገድ ብቻ ሄጄ ፈረድኩ። ልጁ በአንድ ቃል ይፈርዳል፤ እኔ ደግሞ ሳላይ ፈረድኩ። ከሁለታችን የባሰው ማን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

በማግስቱ ከዒሻ በኋላ ተመልሼ ሄድኩና «አሳየኝ» አልኩት።

ፊልሙ «ዱን» ይባላል፤ የአሸዋ ክምር ማለት ነው። ሁለት ክፍል አለው፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2021፣ ሁለተኛው በ2024 የወጣ ሲሆን፣ ያዘጋጀው ዴኒ ቪልነቭ የተባለ ካናዳዊ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ከአምስት ሰዓት በላይ ስለሚሆኑ በሁለት ማታ ነው ያየናቸው። ምንጩ አሜሪካዊው ፍራንክ ኸርበርት በ1965 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ውሃ የሌለባት አራኪስ የምትባል ዓለም አለች፤ ነገሥታት የሚጋደሉባት ውድ ቅመም የሚገኘው ከእሷ ብቻ ነው። ነዋሪዎቿ ፍሬመን ይባላሉ፤ ፊታቸውን ይሸፍናሉ፣ ውሃን እንደ ነፍሳቸው ይቆጥባሉ። አንድ የሴቶች ማኅበር ከብዙ ዘመን በፊት «ከውጭ የሚመጣ አዳኝ አለ» የሚል ትንቢት ለራሱ ጥቅም ሲል ይዘራባቸዋል። ኋላ ፖል የሚባል የመስፍን ልጅ አባቱ ተገድሎበት ወደ እነሱ ሲሸሽ፣ የተዘራው ትንቢት እሱ ላይ ያርፋል። እናቱም ከዚያው ማኅበር ናት።

እኔ ምስል የማየት ልምድ የለኝም፤ ጆሮዬ ግን የተማረ ነው። ገና ከመጀመሪያው ክፍል ሕዝቡ «ሊሳን አል-ገይብ» ብሎ ሲጮህ «አቁምልኝ» አልኩት። «ምን አሉ?» «ስሙ ነው ጋሼ፤ እንደዚያ ነው የሚሉት።» «ሊሳን ምንድን ነው?» ዝም አለ። «ገይብስ?» በዚህ ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። ዘጠኝ ዓመት መድረሳ የተመላለሰ፣ ሰፊናን የጨረሰ፣ አጅሩሚያን ከእኔው የቀራ ልጅ ነው። «የስውሩ ነገር ምላስ» ብሎ ራሱ ተረጎመው። ገይብን ከአላህ (ሱ.ወ) በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያውቃል። ፊልሙን ግን ሁለት ጊዜ አይቶ ቃሏን አልሰማትም።

ከዚያ በኋላ እየቆመ መሄድ ሆነ። ፍሬመኖቹ ለፖል የሚሰጡት የምስጢር ስም «ኡሱል» ነው፤ በእነሱ አፈታት የምሰሶ መሠረት ማለት ነው። በዐረብኛ ኡሱል መሠረቶች ማለት መሆኑን ኡሱሉል-ፊቅህ የቀራ ሁሉ ያውቃል። ለአደባባይ የሚመርጠው ስም ደግሞ «ሙአዲብ» ነው። ሙአዲብ ማለት ልጆችን ሥርዓት የሚያስተምር፣ እንግዲህ እንደ እኔ ያለ ሰው ማለት ነው። በፊልሙ የዚህ ስም ባለቤት የበረሃ አይጥ ናት! ልጁ መሳቅ ፈልጎ ሲያፍር እኔ ቀድሜ ሳቅኩ። ኋላ መጽሐፉን በስልኩ ከፍቶ ሲያሳየኝ፣ ኸርበርት ፍሬመኖች አይጧን የልጆች አስተማሪ እንደሚሏት ጽፏል። ትርጉሙን አውቆ ነው ያስገባው። ከመጽሐፉ መጨረሻ ባለው የቃላት መፍቻ ውስጥም ፊቅህ፣ ዒልም፣ ሐጅ፣ ረመዳን ሳይቀሩ ተደርድረዋል። የፍሬመኖቹ መመሪያ መጽሐፍ «ኪታብ አል-ዒበር» ነው የሚባለው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1406 የሞቱት ኢብኑ ኸልዱን ለታላቁ የታሪክ መጽሐፋቸው የሰጡት ስም ነው። የፍሬመኖቹ ተጋድሎም ሌስሊ ብላንች በ1960 ስለ ካውካሱ ኢማም ሻሚል ከጻፈችው መጽሐፍ ብዙ እንደወሰደ የመረመሩ ሰዎች አሳይተዋል። ኢማም ሻሚል የሩሲያን ጦር ለሃያ አምስት ዓመታት ያህል ተዋግተው በ1859 እጃቸውን የሰጡ፣ በ1871 መዲና ላይ ያረፉ ሰው ናቸው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለማስደነቅ አይደለም። በእህቴ ልጅ ደብተር ውስጥ ለዚህ ፊልም የተጻፈው «9/10። ትሉ ያስፈራል። ሙዚቃው ገዳይ» የሚል ስለሆነ ነው።

ታዲያ ፊልሙ ምን ዓይነት ነው? ሐራም ነው ብዬ የጮህኩትን አንስቻለሁ፤ ዘጠኙንም ግን አልቀበልም።

በአንድ ነገር ፊልሙ ሐቅ ይናገራል። ስቲልጋር የሚባል ሽማግሌ አለ፤ ደግና ጀግና ነው፤ ልጁን መህዲ ነው ብሎ አምኗል። ፖል «አይደለሁም» ሲለው ስቲልጋር ይህን ትሕትና ብሎ ይተረጉመዋል፤ ካደም ተቀበለም ለእሱ ማስረጃ ነው። ልጁ እዚህ ላይ በጣም ይስቃል። እኔ አልሳቅኩም፤ እንዲህ ያለውን ሰው በሕይወቴ አይቻለሁና። መህዲ ነኝ ማለትም የፊልም ወሬ ብቻ አይደለም። በጎረቤታችን በሱዳን ሙሐመድ አሕመድ በ1881 መህዲነቱን አውጀው በ1885 ሞተዋል፤ ከእሳቸው በኋላ የኸሊፋ ዐብዱላሂ ሠራዊትና የአፄ ዮሐንስ አራተኛ ጦር በ1889 መተማ ላይ ገጥመው ንጉሡ ራሳቸው ወድቀዋል። ከሁለቱም ወገን ስንት የድሃ ልጅ እንደቀረ አላህ ያውቃል። ስለዚህ አዳኝ ነኝ ባይን ሳታጣራ አትከተል የሚል ፊልም የሚነግረን የራሳችን ዑለማዎች ሲነግሩን የኖሩትን ነው።

የምከስሰው በሌላ ነገር ነው። በሁለተኛው ክፍል ፍሬመኖች ሁለት ወገን ናቸው። የሰሜኖቹ ወጣቶች በትንቢቱ የማያምኑ፣ የሚቀልዱ፣ አስተዋዮች ናቸው፤ የደቡቦቹ ደግሞ በጭፍን የሚከተሉ አክራሪዎች። ፖልን የምትወደው ቻኒ የአስተዋዮቹ ወገን ናት፤ ተመልካች ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው እሷ ላይ ነው። በኸርበርት መጽሐፍ እንዲህ አይደለችም፤ ይህን የጨመረው ፊልሙ ነው። እንግዲህ የቀረበልን ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ አስተውሎ አለማመን፣ ወይ አምኖ መታለል። የሚያምንና የሚያጣራ አንድ ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የለም። ለአንዲት ሐዲስ የአንድ ወር መንገድ የሄደው ጃቢር ቢመጣ የሚቆምበት ቦታ የለውም። የዐሥር ዓመቷ ልጅ የደረሰችበት መደምደሚያ ከዚህ የመጣ ነው፤ አልተሳሳተችም፣ ፊልሙን በደንብ ነው የተረዳችው።

ሌላም አለ። ቃላቱ ተወስደው ባለቤቶቹ ቀርተዋል። በመጽሐፉ ደጋግሞ የሚመጣው ጂሃድ የሚለው ቃል በፊልሙ «ቅዱስ ጦርነት» ሆኗል፤ መህዲ ግን እንዳለ ቀርቷል። ለምን አንዱ ተነካ፣ ሌላው አልተነካም? አሸዋው የተቀረፀው ዮርዳኖስ ዋዲ ረም እና አቡ ዳቢ ነው፤ ከዋነኞቹ ፍሬመኖች ስቲልጋርን የሚጫወተው ግን እስፔናዊ፣ ቻኒን የምትጫወተው አሜሪካዊት ናት። መሬቱን አከራይቶ ከሠርጉ ያልተጠራ ሰው ይመስላል።

ይህን ሁሉ ስናገር ልጁ በትዕግሥት አዳመጠኝ፤ ከዚያ «ጋሼ፣ እርስዎ ቃሉን ብቻ ነው የሰሙት፤ ምስሉን አላዩትም» አለኝ። ወደ ኋላ መልሶ አንድ ቦታ አሳየኝ። ፖል ብቻውን አሸዋ ላይ ቆሞ ትሉን ይጠብቃል። ንግግር የለም። አሸዋው ከሩቅ እንደ ውሃ ይነሳል፤ ሰውየው ከዚያ ሁሉ ምድር ፊት የጥፍር ያህል ነው። የአደም ልጅ ትንሽነት በዚህ መልክ ሲታይ እኔም ዝም አልኩ። ልጁ ዓይን አለው፤ እኔ የሌለኝ። «ታዲያ ይህን ለምን ደብተርህ ላይ አልጻፍከውም?» ብለው «እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም፤ ዘጠኝ ስል ይህን ማለቴ ነው» አለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መድረሳ ወስጄ ልጆቹ ፊት አቆምኩት። መህዲ የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ፣ ፊልሙ ከማን እንደተዋሰው እሱ ራሱ አስረዳቸው። ከእኔ ይልቅ ሰሙት። ታናሽ እህቱ «ታዲያ ትሉስ የማነው?» ብላ ጠየቀችው፤ «ትሉ የእነሱ ነው» አላት።

ስለ መጻሕፍት ደብተሩ አጭር ነው። ከዓመቱ ዝርዝር ዐይኔ ያረፈው በአንዱ ላይ ነው፤ የዐብዱረዛቅ ጉርናህ «ፓራዳይዝ»፤ ጀነት ማለት ነው። «4/10። ቀርፋፋ። ምንም አይፈጠርም» ይላል። ጉርናህ በ1948 ዛንዚባር የተወለደ፣ ከ1964ቱ አብዮት በኋላ በወጣትነቱ ወደ እንግሊዝ የተሰደደ፣ በ2021 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘ የእኛው የምሥራቅ አፍሪቃ ሰው ነው። ልጁ ያነበበው ሽልማቱን ሰምቶ ነው። መጽሐፉ ግን የ1994 ነው። እንግሊዝኛዬ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለሆነ መዝገበ ቃላት ይዤ ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ባለ ታሪኩ ዩሱፍ ይባላል፤ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ መልከ መልካም ነው። አባቱ ዕዳ ስላለበት ልጁን ለአንድ ባለጠጋ ነጋዴ ያስረክባል። የነጋዴው ስም ዐዚዝ ነው። የነጋዴው ሚስት ዩሱፍን ትመኘዋለች፤ ሲሸሻት ሸሚዙን ትይዘዋለች፤ ሸሚዙ ከኋላ ይቀደዳል።

ሱረቱ ዩሱፍን በቃሉ የሚያውቅ ልጅ «ምንም አይፈጠርም» ብሎ ጻፈ!

መጽሐፉ እንከን የለሽ አይደለም። ለትናንሽ ልጆች የማይነበቡ ስድ ንግግሮች አሉበት፤ ወደ መሐል አገር የሚደረገው የንግድ ጉዞም ረዝሞብኛል፤ በዚህ ልጁ ልክ ነው። ነገር ግን ደራሲው የሠራውን ነገር የሚያይ እንደ እኛ ማን አለ? በቁርኣኑ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ከጉድጓድና ከእስር ወጥተው ለወገናቸው ቀለብ የሚሰፍሩ ይሆናሉ፤ ሸሚዛቸው ለአባታቸው ዓይን ብርሃን ይመልሳል። በዚህ መጽሐፍ ያዕቁብን የመሰለ አባት የለም፤ ልጁን አሳልፎ የሰጠው ራሱ አባት ነው። ሸሚዙ የሚቀደድ እንጂ የሚፈውስ አይደለም። ዓለሙ ጀርመኖች የገቡበት የታንጋኒካ ምድር ነው፤ በመጨረሻም ዩሱፍ በገዛ እግሩ የጀርመኖቹን አስካሪ ሠራዊት ተከትሎ ይሮጣል። ታሪኩን የሚያውቅ አንባቢ እስከ መጨረሻው ገጽ መውጫውን ይጠብቃል፤ አይመጣም። ቅኝ ግዛት ምን እንደወሰደብን በዚህ ዓይነት የነገረኝ ሌላ መጽሐፍ አላነበብኩም። ሱራውን የማያውቅ አንባቢ አንድ ምስኪን አሽከር ብቻ ነው የሚያየው። የእህቴ ልጅ ግን ያውቃል። መጽሐፉን ሲከፍት መስጊድ በር ላይ እንደ ጫማ አውልቆት የገባው ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «መድረሳ የተማርኩት ለፈተና የሚሆን እንጂ ለልብ ወለድ የሚሆን አልመሰለኝም» አለ። ይህ መልስ ከእሱ ይልቅ እኔን ይመለከታል፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝና።

በዜማ ላይ ብዙ አልናገርም። የዑለማዎችን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፤ እኔ ያለ መሣሪያ ከሚሉት ወገን ነኝ፣ ልጁም ያውቃል። የፊልሙን ሙዚቃ የሠራው ሀንስ ዚመር በ2022 ኦስካር ተሸልሟል፤ ልጁ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማው ያጠናል፤ አልተጣላሁትም። በደብተሩ ውስጥ ግን በቅርብ ስለወጡ መንዙማዎች «ዜማው 8፣ ቃሉ አይሰማም» የሚል አለ። እዚህ ላይ ፍርዱ ቁርጥ ያለ ሐቅ ነው። መንዙማ ቃል ነው። ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈርን የመሰሉ የወሎ ሊቃውንት በዐረብኛ ፊደል አማርኛውን የጻፉት፣ ዐረብኛ ያልቀራው ገበሬ እንዲረዳው ነበር። ዛሬ በስቱዲዮ ማሽን ፍጥነቱ ተጨምሮ፣ ድምፁ በድምፅ ላይ ተደራርቦ ሲወጣ፣ አማርኛ አፉን የፈታ ልጅ አማርኛውን መለየት አቃተው። የሚያሳትሙት ወንድሞች ይህን የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ቢሰሙት መልካም ነበር።

ደብተሩን ባለፈው ሳምንት አየሁት። የፊልሙ ዘጠኝ ወደ ሰባት ተኩል ወርዷል፤ ለምን ተኩል እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከሥሩ ግማሽ ገጽ ተጽፎበታል፤ ከፊሉ የእኔ ሐሳብ ነው፣ ከፊሉ እኔን የሚቃወም ነው። የጉርናህ መጽሐፍ ማርክ አልተለወጠም። አሁንም አራት ነው፣ አሁንም ቀርፋፋ ነው ይላል። ከጎኑ ግን በሌላ ቀለም አንድ መስመር ተጨምሯል፤ «ሸሚዙ ከኋላ ነው የተቀደደው፤ ገጹን እንደገና አንብብ።»